የወጣው ዕቃ፦ የአባየ ሃይሉክስ ለምን እየጋለች አስቸገረች?

«ነደደች» አለ አባየ በስልክ።

እማየ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችው። «አንተስ?» አለችው። እሱ ደህና ነበር። መኪናዋም አልነደደችም። ለአባየ «ነደደች» ማለት «ጋለች» ማለት ነው። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ዓለም በርን ሳታልፍ፣ የሙቀት ቀስቷ ቀዩ ላይ ተለጥፋ ቆማለች። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይትጎለጎላል። ቀኑ ሰኞ፣ ወሩ ጥር፣ ዓመቱ 2011 ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ያህል ያቺን መኪና ስንፈታና ስንገጥም ከረምን። ወደ 40 ሺህ ብር ወጣ። ችግሩን የፈታው ዕቃ 450 ብር ነው የተገዛው። እሱም የተበላሸ ዕቃ ምትክ አልነበረም። ከነጭራሹ ያልነበረ ዕቃ ነበር።

ታሪኩን በዝርዝር የምጽፈው ብዙ ሰው ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለች አሮጌ ፒካፕ ስላለች ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ክፉኛ አስወደደው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። እጃችን ላይ ያለችውን አሮጌ ይዘን መቆየታችን አይቀርም።

መኪናዋ በፈረንጅ 1994 የተሠራች ሃይሉክስ ናት። ነጭ፣ ሲንግል ጋቢና። ሞተሯ 3ኤል የሚባለው ነው፤ 2.8 ሊትር፣ ናፍታ፣ ቱርቦ የሌለው። ታርጋዋ ኮድ 3 አማ። አባየ በ2004 ሲገዛት ያኔም አሮጌ ነበረች። ሻጩ «ሞተሯ አልተነካም» ብሎ ማለ። ሁሉም ሻጭ እንዲያ ይምላል።

ሥራዋ ሁለት ነው። ሰኞና ሐሙስ ከወረታ የፎገራ ሩዝ ጭና ደብረ ታቦር ትወጣለች። ከደብረ ታቦር የፋርጣ ድንች ጭና ባሕር ዳር ትወርዳለች። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሩዙ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ድንቹ ወደ ታች። መኪናዋ የምትግለው ስትወጣ ብቻ ነበር። ስትወርድ አንድም ቀን አልጋለችም። አባየ ይህን ሲያስረዳ «ሩዝ አይስማማትም» ይላል። በቀልድ ነው የሚለው፣ ግን ለወራት ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የሰጠን መካኒክ አልነበረም።

ጋራዥ ለጋራዥ የዞርንበትን ቶሎ ቶሎ ልለፈው። መጀመሪያ «ራዲያተሯ ተደፍኗል» ተባለ። በኦሞ ታጠበ። የወጣው ውሃ የቡና አተላ ይመስል ነበር። አባየ ዓመቱን ሙሉ ጉማራ ድልድይ ላይ እየቆመ ከወንዙ በጀሪካን ይሞላ ስለነበር ደለሉ አይገርምም። በሚቀጥለው ሰኞ ጋለች። ቀጥሎ ራዲያተሩ ራሱ ተቀየረ፤ ያገለገለ ኦርጂናል ከአዲስ አበባ አስመጣን። ጋለች። የውሃ ፓምፑ ተቀየረ። ጋለች። በመጨረሻ «ቴስታው ነው» ተባለ፤ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ራስ ማለት ነው። ቴስታው ተፈቶ ወረደ፣ ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ተስተካከለ፣ ከሥሩ የሚነጠፈው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮን፣ ተቀየረ። ትልቁ ገንዘብ የሄደው እዚህ ጋ ነው።

እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ጓርኒሲዮን መበላቱን ሳይፈቱ ማወቂያ መንገድ አለ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተህ ታስነሳለህ። ውሃው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ የሚንቦጫረቅ ከሆነ፣ ከሲሊንደሩ ጋዝ እየገባ ነው ማለት ነው። ከማርሚታው የማይጠፋ ነጭ ጭስ፣ ዘይቱ ላይ ደግሞ ወተት የመሰለ ነገር ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። የእኛዋ ላይ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። ማንም አላየም። ቀጥታ ቁልፍ ነው የተነሳው።

ቴስታው ከተሠራ በኋላ ደግሞ የባሰው መጣ፤ ዳነች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደብረ ታቦር ወጥታ ወረደች፣ ቀስቷ ግማሽ ላይ ቆማ። አባየ ጋራዡን መረቀ። በአራተኛው ሳምንት ያው ዳገት ላይ እንደገና ጋለች።

ደብተሩ

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ግንቦት ላይ አባየን «እስቲ አንድ ወር ምንም ዕቃ አትቀይር። እኔ ልጻፍ» አልኩት። «ምን ልትጽፍ?» አለኝ። «የሆነውን ሁሉ» አልኩት። ባለ 32 ቅጠል ደብተር ገዝቼ ጋቢና ውስጥ ወረወርኩ። እሱ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ትምህርት በሌለኝ ቀን አብሬው እሄዳለሁ። ስንት ኩንታል ጫነ፣ የት ላይ ቀስቷ ተነሳች፣ የት ላይ ወረደች፣ ዝናብ ነበር ወይስ ፀሐይ።

ወር ሳይሞላ ሁለት ነገር ወጣ።

አንደኛው ጭነቱ ነው። 7 ኩንታል ሲጭን ደህና ናት። 12 እና 13 ሲጭን ትግላለች። ቴስታው ከተሠራ በኋላ ለሦስት ሳምንት «የዳነችው» ለዚህ ነው። አባየ ፈርቶ ጭነት ቀንሶ ነበር! አራተኛው ሳምንት ላይ ገበያው ደራ፣ ፍርሃቱ ለቀቀው፣ 12 ኩንታል ጫነ። ለጋራዡ የተሰጠው ምርቃት በስህተት የተሰጠ ነበር።

ሁለተኛው ግን ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከአባይ ማዶ ባዶዋን ስንነሳ የሙቀት ቀስቷ አትነሳም። ዘንዘልማን እናልፋለን፣ ታች ናት። ሐሙሲት እንደርሳለን፣ ገና መነሳት መጀመሯ ነው። ናፍታ ሞተር ባዶ ሲሄድ ቶሎ እንደማይሞቅ አውቃለሁ። ግን 30 ኪሎ ሜትር? አንድ መኪና ጠዋት ለመሞቅ የምትለግም፣ ከሰዓት ዳገት ላይ ደግሞ ለመጋል የምትቸኩል እንዴት ትሆናለች? ራዲያተሯ ቢደፈን ኖሮ ጠዋትም ቶሎ ትሞቅ ነበር። ፓምፑ ቢደክምም እንደዚያው። ሁለቱን ጠባይ አንድ ላይ የሚያመጣ አንድ ምክንያት መኖር አለበት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ማንጎው ሥር አቁመናት ኮፈኑን ከፈትኩ። ቴርሞስታት የሚቀመጥበትን ክዳን በ12 ቁልፍ ፈታሁት። ቡሎኖቹ ያለ ትግል ለቀቁ። ያልተነካ የሃያ አምስት ዓመት ቡሎን እንዲያ አይለቅም። ክዳኑ ሲነሳ ዙሪያውን ቀይ ሲልኮን ብቻ ተቀብቷል። ውስጡ ባዶ ነው። ጣቴን ሰደድኩት፣ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ። ቴርሞስታት የለም።

አባየ አጠገቤ ቆሞ ያያል። «ምን ጎደለ?» አለኝ።

«ቴርሞስታት» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ ግንባሩን መታ። «ያ ልጅ!» አለ። «እሱን'ኮ ያ ልጅ አውጥቶታል!»

በ2009 ነበር። ውሃ የምታፈስ ላስቲክ ሊያስቀይር አንድ ጋራዥ ገብቶ፣ ወጣቱ መካኒክ «ጋሸ፣ ይሄ ለበረዶ አገር የተሠራ ነው። እኛ ጋ ምን ያደርግልዎታል? ውሃውን ነው የሚያግደው» ብሎ አውጥቶ እጁ ላይ አስቀመጠለት። አባየም አመስግኖ ሻይ ጋበዘው። ይህን ንግግር የሰማችሁት ትኖራላችሁ። እኔ ራሴ ከአምስት ሾፌር በላይ ሰምቼዋለሁ። ለጆሮ ደስ ይላል፣ ምክንያትም ያለው ይመስላል።

ሁለቱ መንገዶች

እንዲህ ባለ ሞተር ውስጥ ውሃው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ረጅሙ ነው፤ በራዲያተር ዞሮ ቀዝቅዞ ይመለሳል። ሌላው አጭሩ ነው፤ ራዲያተርን ሳይነካ ቀጥታ ወደ ፓምፑ ይመለሳል። ቴርሞስታቱ በሁለቱ መካከል የቆመ ዘበኛ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ረጅሙን ዘግቶ በአጭሩ ያዞራል፣ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ። ሲሞቅ በውስጡ ያለው ሰም ቀልጦ ያብጥና በሩን ይገፋል። ረጅሙ ይከፈታል። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፤ የዚህ ቴርሞስታት ግርጌ አንዲት ትንሽ ሳህን አለች። ላይኛው በር ሲከፈት ያቺ ሳህን ወርዳ አጭሩን መንገድ ትደፍናለች። ውሃው ሁሉ ግዴታውን በራዲያተር ያልፋል።

ቴርሞስታቱን ስታወጣው ረጅሙም ክፍት፣ አጭሩም ክፍት ይሆናል። ውሃ ደግሞ የቀለለውን ይመርጣል። ጠዋት ባዶዋን ስትሄድ በራዲያተር የሚያልፈው ውሃ ሞተሩን አላሞቅ ይላል። ዳገት ላይ 13 ኩንታል ስትጭን ደግሞ፣ ከውሃው ብዙው ሳይቀዘቅዝ በአጭሩ እየተመለሰ እንደ ጋለ ይዞራል። ሁለቱም ጠባይ ከአንድ ባዶ ጉድጓድ ነው የመጣው። ሁሉም መኪና እንዲህ አይደለም። ግርጌው ሳህን የሌለው፣ አንድ በር ብቻ ያለው ቴርሞስታት የሚጠቀሙ ሞተሮች አሉ። እነሱ ላይ ማውጣት ይህን ያህል አይጎዳም። ምክሩም ከዚያ ተነስቶ በየጋራዡ የተሰራጨ ይመስለኛል።

ታዲያ በ2009 የወጣ ዕቃ በ2011 ነው እንዴ የሚያስቸግረው? ይህን አባየ ነው የጠየቀኝ፣ ጥያቄውም ትክክል ነው። መልሱ ያለው ባሌስትራው ላይ ነው፤ ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ቅጠል ላይ።

በ2010 ክረምት አባየ መኪናዋን «አሻሻላት»። ከኋላ በየጎኑ ሁለት ሁለት ቅጠል ባሌስትራ አስጨመረ። ብየዳ ቤት የካሶኒውን ጎን አስጠነከረ። እስከዚያ 7፣ ቢበዛ 8 ኩንታል ነበር የሚጭነው። ባሌስትራው ሲገባ ኋላዋ ቀና ብላ ቆመች። «ባዶ ናት'ኮ የምትመስለው!» እያለ 12 እና 13 መጫን ጀመረ። እንዲህ ያለች ፒካፕ የተሠራችው ለአንድ ቶን ገደማ ነው። ባሌስትራ ቢጨመርም ፍሬኑ ያው ነው፣ ፍሪሲዮኑ ያው ነው፣ ራዲያተሩ ያው ነው። የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎብጣ «በዛብኝ» የምትልበት መንገድ ይጠፋል። ጉድለቱን ባሌስትራው አላመጣውም፣ አጋለጠው እንጂ። ከባድ ጭነት እስኪመጣ ድረስ ያ ባዶ ጉድጓድ ለሁለት ዓመት ዝም ብሎ ተቀምጧል።

በነገራችን ላይ አባየ ጣልያንኛ አንድ ቃል አልችልም ይላል። ቀኑን ሙሉ ግን ቴስታ፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ ሲል ነው የሚውለው።

የእማየ ድስት

ቴርሞስታት ፍለጋ ወጣሁ። ባሕር ዳር ያገኘሁት 120 ብር ነበር። ሲታይ ያምራል፣ 82 ተብሎ ተቀርጾበታል። ከመግጠሜ በፊት ልሞክረው ብዬ ከትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ቴርሞሜትር ተዋስኩ። ከእማየ ደግሞ አንድ ድስት፣ ሳላስፈቅድ።

አሞካከሩ ቀላል ነው። በሩ ሲዘጋ እንዲነክሰው አድርገህ ክር ታስገባለህ። በክሩ አንጠልጥለህ ውሃ ውስጥ ትከተዋለህ፣ የድስቱን ግርጌ ሳይነካ። ከሰል ላይ ጥደህ ቴርሞሜትሩን እያየህ ትጠብቃለህ። መከፈት ሲጀምር ክሩን ይለቀውና ዱብ ይላል። ዱብ ያለበትን ዲግሪ ትጽፋለህ።

የ120 ብሩ 82 ላይ አልወደቀም። 85፣ 88። 91 ላይ ዱብ አለ። አውጥቼ ሳየው ገና ጠባብ ስንጥቅ ነው የከፈተው። ውሃው ደግሞ 94 ላይ መንተክተክ ጀመረ። ከዚያ በላይ አይወጣም፤ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ እዚህ በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ይፈላል። ያንን ብገጥም ኖሮ ከባዶው የባሰ ነበር የሚሆነው።

ሁለተኛውን አዲስ አበባ ያለ ዘመዳችን ከሶማሌ ተራ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከው። 450 ብር። እሱ 82 ላይ፣ ልክ ቁጥሩ ላይ፣ ዱብ አለ። ውሃው ሲፈላ በሩ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር ስፋት በላይ ተከፍቷል። አባየ አጎንብሶ ሲያይ ቆየና «ሕይወት አለው እንዴ?» አለ። እማየ ግን ድስቱን አይታ ሌላ ነገር አለች። እሱን እዚህ አልጽፈውም።

አገጣጠሙ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ቴርሞስታቱ ጠርዝ ላይ የምትንቀጠቀጥ ትንሽ ፒን አለች። አየር የምታስወጣው እሷ ናት፣ ስለዚህ ወደ ላይ መሆን አለባት። ወደ ታች ከሆነች የታፈነ አየር ይቀርና አዲስ ዕቃ ገጥመህም ትግላለች። ሲልኮኑን በሙሉ ፍቄ አዲስ ጎማ አደረግኩበት።

ውሃውንም ቀየርን። የወንዝ ውሃ ቀረ። ኩላንት ግማሽ፣ የባትሪ ውሃ ግማሽ አድርገን ሞላን። የእኛዋ 8 ሊትር ተኩል ያዘች። አሮጌው ሲወጣ በባልዲ ተቀበልነው። ኩላንት ይጣፍጣል፣ መርዝም ነው። ጎረቤት ውሻ ቢልሰው ይገድለዋል፣ ቦይ ውስጥ ቢደፋ ደግሞ አባይ ነው የሚገባው። ሞተሩ ሲግል ክዳን መክፈት እንደማይገባ ለመንገር የአባየ ግራ ክንድ ይበቃል። በመጀመሪያው ሰኞ የከፈተው ጊዜ የተቃጠለው እስከ ዛሬ ያብለጨልጫል።

ነሐሴ ላይ 9 ኩንታል ጭነን ወጣን። በጭነቱ ተከራክሬ ነው 9 ያስደረግኩት። ጠዋት ገና ዘንዘልማን ሳናልፍ ቀስቷ ተነስታ ግማሽ ላይ ቆመች። አባየ እያየ «እሷ ናት?» ይላል። ዓለም በርን አለፍን። ግማሽ ላይ ናት። ደብረ ታቦር ገባን። ግማሽ ላይ ናት።

ልናመሰግን ስንወርድ ግን ትርፍ ውሃ የምትይዘው ፕላስቲክ ሞልታ ትንጠባጠባለች። ውስጧ ይንቦጫረቃል።

ቀኑ ቢጨልምብኝም ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የራዲያተሩ ክዳን። ስንት ነገር ስንቀይር እሱን ማንም አልነካውም። ራዲያተሩ እንኳ ሲቀየር አሮጌው ክዳን ነው አዲሱ ላይ የተከደነው። ውስጡ ያለው ጎማ እንደ ቀንድ ደርቋል፣ ስፕሪንጉም በአውራ ጣት ሲጫኑት ያለ ጉልበት ይወርዳል። ክዳኑ ሥራው ውሃ እንዳይፈስ መክደን ብቻ ቢሆን ኖሮ ላስቲክም ይበቃ ነበር። ዋናው ሥራው ግፊት መያዝ ነው። ላዩ ላይ 0.9 የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ባሕር ዳር ላይ ንጹሕ ውሃ እስከ 115 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ እንዲቆይ ያደርጋል። ግፊት ካልያዘ ባሕር ዳር ላይ በ94፣ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ በ91 ይፈላል። ዳገቱን በወጣህ ቁጥር ውሃው ለመፍላት እየቀረበ ይሄዳል። አየሩም እየሳሳ ራዲያተሩን የማቀዝቀዝ ጉልበቱ ይቀንሳል። ሦስቱ አብረው ይመጣሉ፦ ጭነት፣ ዳገት፣ የሳሳ አየር። አዳማ ወይም ጅማ ላይ ለዓመታት የማይታወቅ ደካማ ክዳን እዚህ መንገድ ላይ ይታወቃል።

አዲስ ክዳን 180 ብር። በሚቀጥለው ሐሙስ ያቺ ፕላስቲክ አልተነካችም።

ከሁሉ በኋላ አንድ ማሻሻያ ፈቀድኩለት፤ በራሱ ዳሳሽ ሙቀቱን በቁጥር የሚያሳይና 100 ሲያልፍ የሚጮህ ትንሽ ጌጅ። የዳሽቦርዱ ቀስት ግማሽ ላይ ተቀምጣ ብዙ ነገር ትደብቃለች። ስትነሳ ሰዓቱ አልፏል። ተጨማሪውን ባሌስትራ አላስወጣም። አባየ «ይቆይ፣ ብርዬ ነው» አለ። 10 ኩንታል እንዳያልፍ ግን ተስማማን። እስካሁን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የዋሸኝ። ጌጁ ነው ያጋለጠው።

አባየ ያንን ወጣት መካኒክ አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘው። ሊጣላው ሄዶ ሻይ ጠጥተው ተለያዩ። ልጁ «ጋሸ፣ እኔ'ኮ ለእርስዎ ብዬ ነው። እኔንም ያስተማረኝ ሰው እንዲህ ነው ያለኝ» አለው። አባየ ማታ ሲነግረኝ ንዴቱ አልነበረም። እኔ ግን ገና ተናድጃለሁ። ልጁ ላይ ሳይሆን፣ ቴስታውን ሳያዩ ባወረዱት ላይ።

ባለፈው ሳምንት የጌጁን ሽቦ ለማስተካከል ዳሽቦርዱን ስፈታ ሌላ ነገር አየሁ። እነዚህ መኪኖች ቫልቮቹን ከፒስቶኖቹ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ፣ የታይሚንግ ቺንጋ፣ መቀየሪያው ሲደርስ፣ በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ የምትበራ ትንሽ መብራት አላቸው። ቁልፍ ስታዞር ከሌሎቹ ጋር ብልጭ ማለት አለባት። የእኛዋ ብልጭ ብላ አታውቅም። ጀርባውን ገልብጬ አየሁት። አምፖሉ ተነቅሏል። ቦታው ባዶ ነው።

አባየን ጠራሁት። «ይቺን ማን አወጣት?»

«የትኛዋን?»

ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ እሱም አያውቅም። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይላተማሉ፣ ቴስታው ደግሞ ስንት ገንዘብ የወጣበት ነው። ሰኞ ሩዝ አይጫንም ብያለሁ። ቅዳሜ ሽፋኑን እንፈታለን።